ማን ወሰደው?

ሙያዬ አፈር ነው። ከየወረዳው በፌስታል ታስሮ የሚመጣ የአፈር ናሙና ተወቅጦ፣ ተነፍቶና ተመዝኖ በሚመረመርበት አዲስ አበባ ባለ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። የተወለድኩት መንዝ ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ የምታበስለው በኩበት ነው። በየሥልጠናው አዳራሽ ቆሜ «ፍግ ወደ ማሳ ይመለስ» እላለሁ። እናቴን ግን አንድም ቀን «ኩበት አታንድጂ» ብያት አላውቅም። ባልደረቦቼ ይህን ቢሰሙ ግብዝ ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ዝም ያልኩት አስቤበት ነው፤ በሥራ ዘመኔ ከተማርኩት ትልቁ ትምህርት የመጣ ዝምታ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ያስታጠቀኝ ጥያቄ «ምን ጎደለ?» የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም እንጀራዬን የምበላበት እሱ ነው። ናሙናው ይመጣል፣ ውጤቱ ይጻፋል፤ ናይትሮጅን ዝቅተኛ፣ ፎስፎረስ በጣም ዝቅተኛ፣ አሲዳማነት ከፍተኛ። ከግርጌው ምክር ይሰፍራል፤ በሄክታር ይህን ያህል ዩሪያ፣ ይህን ያህል ኤን ፒ ኤስ፣ ይህን ያህል ኖራ። ወረቀቱ ይፈረማል፣ ሥራው ያልቃል።

አንድ በጋ የምርመራ ውጤት ይዘን ወደ አንድ ደጋ ቀበሌ ወጣን። ገበሬዎቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰብስበው የየማሳቸውን ውጤት አነበብኩላቸው። አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣

«ልጄ፣ ይኼ ጎደለ ያልከው ነገር ድሮ ነበር ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ነበር።»

«ታዲያ ማን ወሰደው?»

ሰዉ ሣቀ። እኔም ፈገግ ብዬ ስለ ሰብልና ስለ ጎርፍ የተማርኩትን ጠቅለል አድርጌ ነገርኳቸው። አልረኩም። «በእኛ አገር በሬ ሲጠፋ አውጫጭ ይጠራል፤ መንደሩ ሁሉ ተቀምጦ ያየውን ይናገራል። ያንተ አፈር ሲጠፋ ወረቀት ብቻ?» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ አውጫጩን በራሴ ጠርቼ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ንጥረ ነገር ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም፤ ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። አዛውንቱ የጨመሩልኝ ነገር ሕጉን ወደ ምርመራ መለወጥ ነው። ከዚህ ማሳ የወጣው ናይትሮጅን አሁን የት አለ? ፎስፎረሱስ ማን ቤት ገባ?

ቀድሞ የሚጠራው እሳት ነው፤ ስለዚህ ከቤቴ ልጀምር። መንዝ ብርዳም ደጋ ነው፤ ብዙው ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ወይም የሚሻገር ስለሆነ ዛፍ ብርቅ ነው። ባሕር ዛፍ ቢኖርም ለቤት ሥራና ለገበያ ይፈለጋል እንጂ ለምድጃ አይተርፍም። ልጆች ሆነን ጠዋት በረት ስንጠርግ እበቱን ከገለባ ጋር አሽተን እንጠፈጥፋለን፤ በድንጋይ ካቡ ላይ ለጥፈን ፀሐይ ካደረቀው በኋላ ክረምት ሳይገባ እንከምረዋለን። የኩበት ክምሯ ከፍ ያለላት ሴት ባለሙያ ትባላለች። እበት አውድማ ይለቀለቅበታል፣ ጎተራ ይመረግበታል፤ የአንበሳውን ድርሻ የሚወስደው ግን ምድጃው ነው።

ላም ከሣርና ከገለባ የሰበሰበችው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም አብዛኛው በእበትና በሽንት ተመልሶ ይወጣል፤ በወተትና በሥጋ የሚቀረው ትንሹ ነው። በአንድ ቶን ደረቅ ኩበት ውስጥ 15 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይገኛል። ኩበቱ ሲነድ ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል፤ ናይትሮጅኑና ድኙም በአብዛኛው ከጢሱ ጋር ወደ አየር ይወጣሉ። ፎስፎረስና ፖታሲየም ግን አብዛኛው በምድጃ ሙቀት ስለማይተን አመዱ ውስጥ ይቀራል። እናቴ አመዱን የምትደፋው ጓሮ ነው። ለመዝናናት ያህል የጓሮዋን አፈር በፌስታል ይዤ መጥቼ መርምሬው ነበር፤ ጎመኗ ለምን እንደዚያ እንደሚሰፋ ገባኝ። ፎስፎረሱ ሩቅ ካለው የገብስ ማሳችን ጋር የሚወዳደር አይደለም። አመድ አሲዳማ አፈርን ስለሚያለዝብ በዚህም ጎመኑ ተጠቅሟል። እሳቱ ሁሉንም አላጠፋም ማለት ነው፤ ከፊሉን ወደ ሰማይ ሲልክ ከፊሉን ከሩቅ ማሳ አንስቶ ደጃፍ አስቀምጦታል። የማይመለሰው ትልቁ ኪሳራ አፈሩን የሚያጠቁረውና ውኃ የሚያስይዘው ብስባሽ ነው፤ እሱ ሙቀት ሆኖ ሄዷል።

ሁለተኛው ተጠሪ ኬሻው ነው። ከምንጃር ወይም ከአድአ ተጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ አንድ ኩንታል ጤፍ ሁለት ኪሎ ገደማ ናይትሮጅንና ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያነሰ ፎስፎረስ ይዞ ነው የሚገባው። በሄክታር 20 ኩንታል የሰጠ ማሳ በእህሉ ብቻ 40 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን አስረክቧል። ጭዱ ደግሞ ለብቻው ይቆጠራል፤ ከእህሉ ይልቅ ፖታሲየም የሚበዛው ጭድ ውስጥ ነው። ጭዱ አንዳንዱ በመኪና ተጭኖ ለከተማ ከብት አርቢዎች ይሸጣል፤ አንዳንዱ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ የቤት ግድግዳ ይሆናል። በአንዳንድ መንደር የማሳው ፖታሲየም ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል ማለት ነው።

እንጀራው ከተበላ በኋላስ? ዕድገቱን የጨረሰ ጤነኛ ሰው የሚበላውን ናይትሮጅን ያህል መልሶ ያስወጣል፤ አብዛኛው የሚወጣው በሽንት ነው። ፎስፎረስም እንዲሁ ነው። እንዲያውም ፎስፎረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ከዚያው ነው፤ የሐምቡርጉ ሄኒግ ብራንት እ.ኤ.አ. በ1669 ከሽንት ወርቅ አወጣለሁ ብሎ አፍልቶና አድርቆ ሲያበቃ በጨለማ የሚያበራ ነገር አገኘ። ወርቅ አላገኘም፤ ያገኘው ነገር ግን ዛሬ ገበሬ በብድር የሚገዛው ነው። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የምበላው ጤፍ የመጣበት ማሳ ከእኔ የሚመለስለት ነገር የለም። የእኔ ድርሻ ከፊሉ በሽንት ቤት ጉድጓድ ይቀራል፤ ከፊሉ በየወንዙ አድርጎ ወደ አቃቂ ይወርዳል። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ሐይቁን እምቦጭ ከድኖታል። እምቦጭ ከሌላ አገር የመጣ አረም ነው፤ በኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው። እንዲህ የሚያፋፋው ግን ውኃው ይዞ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። ምንጃር ላይ «በጣም ዝቅተኛ» ብዬ የጻፍኩት ነገር አባ ሳሙኤል ላይ ከመጠን ያለፈ ሆኖ ተንሳፍፏል። በአቃቂ ዳርቻ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች ይህንን ውኃ ወደ መደባቸው ሲጠልፉ ከንጥረ ነገሩ የተወሰነውን መልሰው ይይዛሉ፤ ችግሩ ከፋብሪካ የሚወጣው ከባድ ብረትም አብሮ መምጣቱ ነው።

ሦስተኛው ጎርፍ ነው። የአፈር ተመራማሪው ሃንስ ሁርኒ በታረሰ የደጋ መሬት ላይ በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። የሚሄደው የላይኛው፣ የደቀቀውና የለማው ነው። የመንዝ አፈር በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሳይጠናቀቅ በፊት ይህ ደለል በየዓመቱ የግብፅን ማሳ ያለብስ ነበር፤ ገበሬዎቻቸው ከእኛ ተራራ የወረደውን ማዳበሪያ ያለ ክፍያ ይቀበሉ ነበር። ግድቡ ደለሉን ሲይዝባቸው በፋብሪካ ማዳበሪያ ላይ ያላቸው ጥገኝነት ጨመረ። ዛሬ ደግሞ ይህ ደለል በመንገዱ መጀመሪያ የሚያገኘው የሕዳሴውን ግድብ ሐይቅ ነው።

አራተኛው በዓይን አይታይም። በዋልካ መሬት ላይ ውኃ ሲያቁር አፈር ውስጥ አየር ያጥራል፤ ያኔ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በናይትሬት ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተጠቅመው ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ለውጠው ይለቁታል። ገበሬው በውድ ገዝቶ የበተነው ዩሪያ አንዱ ክፍል ተመልሶ ወደ መጣበት አየር ይሄዳል። በሐምሌ የማሳ ውኃ ማንጣፈፊያ ቦይ ማውጣት የናይትሮጅን ጥበቃ መሆኑን ያወቅኩት ይህን ስከታተል ነው።

በአውጫጭ የሚመሰክረው የወሰደን ያየ ብቻ አይደለም፤ ሲመልስ የታየም ይነገርለታል። ከመላሾቹ የመጀመሪያዋ ባቄላ ናት። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሁለቱ አተሞች ተጣብቀው ስለሚኖሩ ግን ተክል አላቆ ሊጠቀምባቸው አይችልም። በባቄላ፣ በአተር፣ በሽምብራና በጓያ ሥር ላይ የሚኖሩ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ያላቅቋቸዋል። የባቄላ ሥር ተነቅሎ ሲታይ ጥቃቅን እባጮች አሉበት፤ በጥፍር ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው። ቀለሙ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ቁስ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን እንዳያቋርጡ ኦክስጅኑን በልክ ያደርግላቸዋል። አባቶቻችን ገብስን ከባቄላ ቀጥሎ የሚዘሩት ይህን በስሙ ሳይጠሩት በውጤቱ አውቀውት ነው። ሆኖም ባቄላው ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ፍሬው ለገበያ፣ አገዳው ለከብት ከሄደና እበቱም ከነደደ ባቄላዋ ያመጣችው አብዛኛው በዚያው ዓመት ወጥቶ ያልቃል።

ሁለተኛው መላሽ ፋብሪካ ነው። ፍሪትስ ሐበር እ.ኤ.አ. በ1909 በላቦራቶሪ ያሳየውን የአሞኒያ አሠራር ካርል ቦሽ አሳድጎት በ1913 ጀርመን ውስጥ ኦፓው ላይ ምርት ተጀመረ። ከአየር የተወሰደ ናይትሮጅንና ዛሬ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኝ ሃይድሮጅን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ተዋሕደው አሞኒያ ይሆናሉ። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ መንገድ በተሠራ ናይትሮጅን እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ ዩሪያን የሚንቅ የአፈር ባለሙያ አይደለሁም። ፎስፎረስ ግን ከአየር አይሠራም፤ ከድንጋይ ይቆፈራል። ከታወቀው የዓለም ክምችት ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው በሞሮኮ እጅ ነው። አንዴ ወንዝ ገብቶ ባሕር ወለል ላይ ከተቀመጠ ተመልሶ የብስ የሚሆነው ምድር በሚሊዮን ዓመታት ከፍ ስትል ነው። የምንገዛው ማዳበሪያ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በዶላር ነው የሚገባው፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲተኮስ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ ገበሬ በኪሱ አይቶታል።

ወጪና ገቢው ሲደመር ምን ይመጣል? ስቶርቮጄልና ስማሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያ የታረሰ መሬት በዓመት በሄክታር 41 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 6 ኪሎ ፎስፎረስና 26 ኪሎ ፖታሲየም እንደሚከስር አስልተዋል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ምንም ሳይባክን ቢደርስ እንኳ፣ በየሄክታሩ ኩንታል የሚጠጋ ዩሪያ የሚፈሰው ማሳውን ለማበልጸግ ሳይሆን የወጣውን ለመተካት ብቻ ነው።

«ወዴት ሄደ?» ብዬ ስጠይቅ የእንሰት አካባቢዎች መጀመሪያ አስደስተውኝ ነበር። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ የከብቱ ፍግ በየጊዜው እንሰቱ ሥር ይገባል፤ የቤቱ ዙሪያ አፈር ጥቁርና ጥልቅ ነው። ስለ ኢትዮጵያ አፈር ሚዛን በኋላ የተደረገ ጥናትም ቋሚ ተክል ያለበት መሬት እንደ እህል ማሳ እንደማይጎድል አሳይቷል። የአዛውንቱ ጥያቄ ግን እዚያም ይከተለኛል። ፍጉን የሰጠችው ላም የበላችው ሣር ከየት መጣ? ከግጦሽ መሬትና ከሩቅ ማሳ። ደጃፉ ሲለማ ዳርቻው ይሳሳል። ለምነት በአንድ ቦታ ሲከማች ከሌላ ቦታ ተነስቶ ነው፤ ለም መሬት ባየሁ ቁጥር ከማን ላይ እንደተነሳ መጠየቅን ልማድ አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ እናቴ። አንድ ምሽት ምድጃ ዳር ተቀምጠን፣

«ለመሆኑ እዚያ ከተማ የምትሠራው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የሰው ማሳ ምን እንዳነሰው እናያለን።»

«ምን አነሰው?»

«ብዙውን ጊዜ ይኼ» ብዬ የሚነደውን ኩበት በዓይኔ አሳየኋት።

«አውቃለሁ» አለች፣ ምንም ሳትገረም። «እናቴም ታውቅ ነበር። ያኔ ከብቱ ብዙ ስለነበር በረቱን እያዘዋወርን ማሳው ላይ እናሳድረው ነበር። አስታውም ጭራሮውም ቅርብ ነበረ፤ ኩበት ይተርፋል።»

እኔ በትምህርት የደረስኩበትን እሷ በኑሮ ደርሳበት፣ ከእኔ በፊት አውቃው ተቀምጣለች። ዑደቱ የተቋረጠው በእውቀት እጦት አልነበረም። አስታው ሲርቅ፣ ግጦሹ ሲጠብ፣ ከብቱ ሲቀንስ እሳቱ ከማሳው ድርሻ ላይ መውሰድ ግድ ሆነበት። «ኩበት አታንድጂ» የሚል ምክር ለእሷ «አታብስዪ» ነው። በሥልጠና አዳራሽ የምናገረው ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሹ «በምን ፈንታ?» የሚለው ነው፤ እሱን ሳልይዝ እናቴ ፊት መቆም አልፈለግኩም።

ስለዚህ በቃል ፈንታ ምርጥ ምድጃ ወሰድኩላት። ይህ የሲሚንቶ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከድን ለእንጀራ የሚፈጀውን ማገዶ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ክምሩ ቶሎ አላልቅ ሲል የተረፈውን እበት ምን እንደምታደርገው ማንም አልነገራትም፤ ከበረቱ ጥራጊ ጋር ወደ ገብሱ ማሳ አስወሰደችው። ባዮጋዝ ከዚህም የተሻለ ነው። እሳት የሚፈልገው ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው፤ ሰብል የሚፈልገው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም። ባዮጋዝ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ ጋዙ ሲነድ ንጥረ ነገሩ በዝቃጩ ውስጥ ሳይነካ ይቀራል። ግን ቢያንስ አራት ከብትና በየዕለቱ ውኃ ይፈልጋል፤ የደጋው ብርድም ጋዙን ያዘገየዋል። ቆላና ወይና ደጋ ላይ የሚሠራውን ለመንዝ ልሸጥ አልሞክርም።

እናቶችን ብቻ አውጫጭ ላይ አስቀምጦ ከተማን በነፃ ማሰናበትም ፍርደ ገምድልነት ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ከከተማችን ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትራፊና ሌላ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ከገበሬ ማሳ የመጣ ማለት ነው። ከተማዋም እናቴ የምታደርገውን ታደርጋለች፤ ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለውን ታነዳለች፤ ልዩነቱ ከተማዋ ሌላ አማራጭ ያላት መሆኑ ነው። የአትክልት ገበያው ተረፈ ምርት ከፕላስቲክና ከመስተዋት ተለይቶ ቢበሰብስ፣ እህል ጭኖ የመጣው አይሱዙ ባዶውን ከሚመለስ ብስባሽ ይዞ ቢመለስ፣ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ማሳዎች መጀመሪያ ይጠቀማሉ። ብስባሽ ከባድና ርካሽ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም፤ ለመንዝ አይደርስ ይሆናል። ለምንጃርና ለአድአ ግን ቅርብ ነው።

ዛሬ የምርመራ ውጤት ይዤ ስወጣ ከወረቀቱ በፊት የማነሳቸው ጥያቄዎች አሉኝ፤ ጭዱ የት ይሄዳል? በምን ታበስላላችሁ? ውኃው በየት በኩል ይወጣል? ባቄላ መጨረሻ የተዘራው መቼ ነው? መልሶቹ ምክሬን ይለውጡታል። ሁለት ማሳዎች እኩል ናይትሮጅን ቢጎድላቸውም፣ አንዱ በጎርፍ ሌላው በእሳት ካጣው መድኃኒታቸው አንድ አይደለም፤ ለአንዱ እርከን፣ ለሌላው ምድጃ ያስፈልገዋል። በስብሰባ ላይ «የመንዝ የማዳበሪያ በጀት ከፊሉ ለማገዶ ይሁን» ስል የሚስቁ አሉ። ይሣቁ፤ በየዓመቱ የምናስገባውን ስንቆጥር የሚወጣውን ካልዘጋን፣ በዶላር የገዛነው ዩሪያ በዚያው በአራቱ መንገዶች ይሄዳል፤ ዕዳው ግን ገበሬው ጋ ይቀራል።